ሲስተር ቆይ እና የተዘረጋው እጅ

ሚስቴን ሆስፒታል ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ «ሲስተር ቆይ» ነው የሚሏት። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ሲጀምሩ መዳፏን ዝቅ ዝቅ እያደረገች «ቆይ፣ ቆይ» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ የሚጮህ የለም። እኔንም እንዲሁ ነው ያደረገችኝ። አግቢኝ ስላት «ቆይ» አለችኝና ቆየሁ። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያመላልሱ እኔ ገና እየቆየሁ ነበር። «አርፈህ ተቀመጥ፣ እምቢ ማለቷ ነው» ያላለኝ ወዳጅ የለም። እምቢ ማለቷ አልነበረም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለእሷ የተተረተ ነው፤ ሥሩን ሳታይ ምንም አትወስንም።

እኔ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነኝ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል ቶንዶሱና ምላሴ እኩል ይሠራሉ። ደሜ ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ሚስቴ ከሥራ ተመልሳ የዋለችበትን ስታወራኝ መፍትሔው ወዲያው ነው የሚታየኝ፤ ወይ እሱ ይባረር፣ ወይ እሷ ትባረር፣ ወይ ሁለቱም። «አንተ ኃላፊ ብትሆን ኖሮ ሆስፒታሉ ውስጥ የሚቀረው በሽተኛ ብቻ ነበር» ትለኛለች።

ይኼን ሰው የማብረድ ችሎታዋን ያገኘችው ከእናቷ ግቢ ነው። አማቴ ክፍል እያከራዩ ነው ያሳደጓት። ግቢው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ተከራዩ ግን ከየአቅጣጫው የመጣ ነበር። አንዱ ጎህ ሳይቀድ ካልታጠበ ቀኑ አይቀናውም፤ ሌላው ውሃ ሲንጠባጠብ ከሰማ እንቅልፍ የለውም። አንዷ የሰው ባልዲ መንካት ነውር ነው ትላለች፤ ጎረቤቷ ደግሞ የሰውን ባልዲ ሳይሞሉ ማለፍ ነው ነውሩ ትላለች። ሚስቴ ቁመቷ ከቧንቧው ሳይበልጥ እዚያ መሃል ቆማ «ቆይ፣ ቆይ» ስትል ነው ያደገችው። አማቴ አሁን ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። «ልጄ ነርስነቱን ትምህርት ቤት ተማረች፣ ኃላፊነቱን ግን እኔ ቧንቧ አጠገብ አስተማርኳት» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ ስትሆን የጠበቃት ያው ግቢ ነበር። ሠራተኛው ከየአገሩ ነው የመጣው። ከእሷ በፊት የነበሩት ኃላፊዎች እያንዳንዱን ከአገሩ ልጆች ጋር በአንድ ፈረቃ ያሠሩ ነበር። ጠብ አልነበረም፤ ሰላምታም አልነበረም። አንዱ ፈረቃ አጥቦና ቀቅሎ ያስቀመጠውን ዕቃ ሌላው ፈረቃ አላምን ብሎ እንደገና ያጥብ ነበር። ሚስቴ ፈረቃዎቹን ቀላቀለቻቸው። መጀመሪያ ላይ አበዱባት። ቀስ እያሉ ግን ለመዱ፤ አንዱ ጸሎቱን ሲያደርስ ሌላው ቦታውን ይሸፍንለታል፣ አንዷ ልጅ ስትወልድ ሁሉም በየወጉ እየመረቀ ይጠይቃታል። ስትሄድ ተጨንቃ፣ ስትመለስ እየሳቀች የምትገባበት ሥራ ሆነ።

ነጎድጓድ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነጎድጓድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አዲሱ ቀዶ ሐኪም ነው። ድምፁ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ግድግዳ ጥሶ ያልፋል ብላ ሚስቴ አስመስላ ስታሳየን አማቴ በሳቅ ይፈርሳሉ። እጁ ግን ወርቅ ነው ትላለች። ከእሱ ጎን የምትቆመው ደግሞ ትንሿ ሲስተር ናት። ዕቃ አቀባይ ነርስ ናት፤ ቁመቷ ስለማይደርስ የእንጨት መቆሚያ ላይ ወጥታ ነው የምትሠራው። ሚስቴ ራሷ ያሠለጠነቻት፣ እንደ ታናሽ እህቷ የምታያት ልጅ ናት። ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት የሚፈልገው መቆንጠጫ መዳፉ ላይ ይገኛል።

ምላጭ ሲሆን ግን አይገኝም። ምላጭ፣ መቀስ፣ መርፌ ከሆነ ትንሿ ሲስተር በእጁ አትሰጠውም። አረንጓዴው ጨርቅ ላይ፣ ከእጁ አጠገብ፣ እጀታውን ወደ እሱ አዙራ በጥንቃቄ ታስቀምጠዋለች። ከእሱ በፊት የነበሩት፣ ጡረታ የወጡት ሐኪም ሳያስተውሉት ከጨርቁ ላይ እያነሱ ዓመታት ሠርተዋል። ነጎድጓድ ግን እጁን ይዘረጋል፣ እጁ አየር ላይ ባዶውን ይቀራል። «በእጄ» ይላል። «እሺ ዶክተር» ትላለች፤ ቀጥሎም ጨርቁ ላይ ታስቀምጣለች። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ «ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ሚስቴን ጠርቶ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጊዜ ሰጣት። ካልተስማሙ ፈረቃው እንደ ድሮው በየአገር ልጅ ይከፋፈላል፤ ትንሿ ሲስተር እዚያ ክፍል ውስጥ የአገሯ ሰው ስለሌላት ወደ ካርድ ክፍል ትሄዳለች። ሚስቴ ያን ቀን ቤት ስትገባ እየሳቀች አልነበረም። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረችና «ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንድ ምላጭ ሊበጠስ ነው። እንደዚያ ከሆነ ኃላፊነቱን እለቃለሁ፤ ሰው እየለያየሁ መኖር አልችልም» አለችኝ።

«ታዲያ ልጅቷን በእጁ ስጪው በያት፣ አለቀ» አልኩ።

«ቆይ» አለች። «ይቺ ልጅ እልኸኛ አይደለችም። ምክንያት አላት።»

ምክንያቱን ያወጡት አማቴ ናቸው፤ ያውም ሳያስቡት። ትንሿ ሲስተር ሥራ በሌላት ቀን እኛ ቤት ትመጣለች። አማቴ ሽንኩርት ሊከትፉ ተቀምጠው «እስቲ ቢላዋውን አቀብይኝ ልጄ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ ቢላዋውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊታቸው አስቀመጠችው።

አማቴ የተዘረጋ እጃቸውን አዩት። ከዚያ እሷን አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ እጄ እኮ እዚህ ነው። ለውሻ ነው እንዴ የምትጥይው?»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እማማ፣ እኛ ጋ ስለታም ነገር ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። ፍቅር ይቆርጣል ይባላል። እርስዎን ስለምወድ ነው። የምጠላው ሰው ቢሆን በእጁ እሰጠው ነበር።»

አማቴ ቢላዋውን አነሱት። «እንግዲያውስ ወለሉ ላይ ብትጥይልኝም ጎንበስ ብዬ አነሳዋለሁ» አሉ።

ሚስቴ ቀስ ብላ «ይኼን ለዶክተሩ ለምን አልነገርሽውም?» አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ሲስተር፣ የተማርኩ ሰው ነኝ እኮ። ይኼን ብናገር ይስቁብኛል። እኔም ራሴ አላምንበትም። እጄ ነው የሚያምንበት።»

እሷን ከሸኘናት በኋላ ነገሩ ለእኔ ያለቀለት ነበር። ሐኪሙ ይነገረው፣ ልሳቅ ካለም ይሳቅ። ሚስቴ ግን አሁንም «ቆይ» አለች። የልጅቷን የቤት ነገር ያለ ፈቃዷ አደባባይ አላወጣም አለች። «ደግሞ የእሱን ገና አላወቅንም። ሰው በአንድ ምላጭ ብቻ እንዲህ አይቃጠልም። እሷ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ እሱም ውስጥ አለ።»

በማግስቱ አንድ ሰውዬ ፀጉር ቤቴ ገብቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። «አጠር አድርገው» ሲል መስተዋቱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ወዲያው ገባኝ፤ ሚስቴ አስመስላ የምታሳየን ድምፅ ነው። እሱ የማን ባል እንደሆንኩ አያውቅም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ከኋላ በኩል አንድ ጎዶሎ ነገር ልተውለት የሚል ነበር። ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ ምላሴን ነከስኩና በሙቅ ፎጣ አንገቱን ሸፈንኩለት። በእኔ ሥራ ሙቅ ፎጣ የማያስወጣው ነገር የለም።

«ሐኪም ነኝ» አለ ከፎጣው ሥር። «እጄን ስዘረጋ ባዶውን የምትተውብኝ ሴት አለች።»

«ታዲያ ምን አለበት ዶክተር?»

«እኛ ጋ አለበት፤ ወዳጄ። የተዘረጋን እጅ ባዶውን መመለስ ማለት አንተ ለእኔ የሞትክ ነህ ማለት ነው። አጎቴ የአባቴን እጅ አንድ ጊዜ ባዶውን መለሰው። ከዚያ በኋላ አንድ መንደር እየኖሩ አልተያዩም፤ ቀብሩ ላይ እንኳ አባቴ አልቆመም።» ድምፁ እየወረደ መጣ። ያ ነጎድጓድ ሰው እንዲህ ዝግ ብሎ መናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር። «ይኼን ለሥራ አስኪያጅ እንዴት አድርጌ ላውራው? የሕፃን ኩርፊያ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የሥራ ሥርዓት፣ የሥራ ሥርዓት እያልኩ እጮኻለሁ። ግን ምን አድርጌያት ነው?»

አንጀቴን በላው። ያን ቀን የቆረጥኩት ፀጉር በዚያ ወር ከቆረጥኳቸው ሁሉ ያማረ ነበር።

የእኔ ሥራ ደግሞ ሕግ አለው፤ ወንበሩ ላይ የተነገረ ከበሩ አይወጣም። ስንት የመንደር ምስጢር ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤ ነው የምኖረው። ያን ቀን ግን ሕጌን ጣስኩ። ለሚስት የተነገረ እንደተነገረ አይቆጠርም ብዬ ራሴን አጽናናሁና ከበር ገና ስገባ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሚስቴ ሰምታ ስትጨርስ ግንባሯን ያዘች። «ሁለቱም በሥራ ስም ይጣላሉ፤ የቆሰሉት ግን በቤታቸው ነገር ነው» አለች። «እሱ ጠላችኝ ይላል። እሷ ደግሞ እንዳትጠላው ብላ ነው እንዲያ የምታደርገው።»

«እና ሁለቱን አስቀምጠሽ አትነግሪያቸውም?»

«ምስጢራቸውን አውጥቼባቸው ሲያበቃ ምን ብለው ዓይን ለዓይን ይተያያሉ? መጀመሪያ እጃቸው ይስማማ። አፋቸው ራሱ ይደርሳል።»

እንግዲህ ወጥ ቤታችን ኦፕራሲዮን ክፍል ሆነ። እኔ ነጎድጓድ ሆኜ በአንድ በኩል ቆምኩ፤ ሚስቴ ትንሿን ሲስተር ሆና በሌላ በኩል ቆመች፤ አማቴ ዳኛ ሆነው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። በምላጭ ፈንታ ማንኪያ ያዝን። መጀመሪያ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መዳፌን መታ መታ አደረገችኝ። «ያው ባዶውን ነው» አሉ አማቴ። በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ያው ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ጨርቅ አያታልልም» አሉ። ደከመኝ። ርቦኝም ነበር፤ ይኼን ነገር ነገ አንቀጥልም ወይ እያልኩ ማጉረምረም ጀመርኩ። ሚስቴ አልሰማችኝም። የሳሙና ማስቀመጫዋን አነስተኛ የብረት ሳህን አጥባ ማንኪያውን ውስጧ አስተኛችና «እጅህን ዘርጋ» አለችኝ። ዘረጋሁ። የሳህኗ ጠርዝ መጥቶ መዳፌን ነካኝ። ዓይኔን ከፊቴ ካለው ጠረጴዛ ሳልነቅል ጣቶቼን ሰብሰብ አድርጌ ማንኪያውን አነሳሁት።

እጄ ባዶውን አልቀረም። ማንኪያውንም ከማንም እጅ አልተቀበልኩም። አማቴ ከበርጩማቸው ተነሥተው «በሉ አሁን ማን ምን ይላል?» አሉ።

እኔ ደስ ብሎኝ በእውነተኛ ቢላዋ እንሞክረው ብዬ ወደፊት ሳጎነብስ ከሆዴ በታች ስንጥቅ አድርጎ ያዘኝ። ለካ ለብዙ ጊዜ በቀበቶ አጥብቄ የደበቅኩት ነገር ነው። ሚስቴ ሸሚዜን ገልጣ አየችና «ይኼ ቡአ እኮ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ቆይ፣ ልንገርሽ» አልኳት። አልሳቀችም። በነጋታው አስመረመረችኝ፤ የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ከሚሠሩት በሽተኞች የመጀመሪያው እኔ እንድሆን ተወሰነ። ሐኪሙ ማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል? የሰውዬውን ምስጢር ከወንበሬ ላይ አውጥቼ ሳበቃ በራሱ ምላጭ ሥር ልተኛ ነው። አማቴ ሊያጽናኑኝ ፈልገው «ሐኪም ቂም አይዝም፤ ቢይዝም አንተ ደንዝዘሃል፣ አይሰማህም» አሉኝ።

ሚስቴ ለትንሿ ሲስተር የነገረቻት ስለ ሳህኗ ብቻ ነው። «ስለታም ሲሆን በዚህ አቅርቢለት፤ ጠርዟ መዳፉን ይንካ» አለቻት። ልጅቷ ሳህኗን አገላብጣ አየቻትና «እሺ ሲስተር» አለች፤ ምክንያቱን አልጠየቀችም።

ክፍሉ ቀዝቃዛና በብርሃን የተሞላ ነበር። ወገቤን ወጉኝ፤ ከእምብርቴ በታች ያለው ሰውነቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። ደረቴ ላይ ጨርቅ ጋረዱብኝ። ሚስቴ በባሏ ኦፕራሲዮን ላይ መሥራት ስለማይፈቀድላት ከራስጌዬ ቆማ ትከሻዬን ይዛለች። ከጨርቁ ማዶ ምንም አይታየኝም ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከላይ የተሰቀለው ትልቅ መብራት ብረቱ እንደ ፀጉር ቤት መስተዋት ያበራል፤ ሁሉንም አሳየኝ።

ነጎድጓድ እጁን ታጥቦ ገባና ከጨርቁ በላይ ብቅ ብሎ አየኝ። «እንዴ፣ ፀጉር አስተካካዬ አይደለህም እንዴ?»

«ባለቤቴ ነው ዶክተር» አለች ሚስቴ።

 እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። ሞኝ ሰው አይደለም። እዚያች ወንበር ላይ የተናገረውን እያንዳንዷን ቃል እንዳስታወሰ ከጭምብሉ በላይ ያሉት ዓይኖቹ ነገሩኝ። መሸሽ ብፈልግም እግር አልነበረኝም።

«ምላጭ» አለና እጁን ዘረጋ።

መብራቱ ላይ ያንን እጅ አየሁት። ጓንት የለበሰ ትልቅ መዳፍ፣ አየር ላይ ተዘርግቶ የሚጠብቅ። ሚስቴ ትከሻዬን ጠበቅ አደረገችው። የለፋችበት ሁሉ እዚያች መዳፍ ላይ ነበር። ከዚያ የብረቷ ሳህን መጣችና ጠርዟ መዳፉን ነካው።

እጁ አልተንቀሳቀሰም። ሳህኗን አያት። ከዚያ መቆሚያዋ ላይ ወዳለችው ልጅ ዞረ፤ ሳህኗን መዳፉ ላይ እንዳስነካች ቆማለች። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ያን ቀን ወንበሬ ላይ በሰማሁት ዝግ ባለ ድምፅ «ለምንድን ነው በእጄ የማትሰጪኝ?» አላት። እስከዚያ ቀን አዟት ያውቃል፤ ጠይቋት ግን አያውቅም።

ልጅቷ ሚስቴን አየቻት።  «እኛ ጋ፣ ዶክተር» አለች ልጅቷ፣ «ስለታም ነገር በእጁ የሚሰጡት ለሚጠሉት ሰው ነው።»

 ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የቆየ መሰለኝ። ከዚያ ጣቶቹን ሰብሰብ አድርጎ ምላጩን ከሳህኗ አነሳና ሥራውን ጀመረ።

ምን እንዳደረገልኝ አልተሰማኝም። ያየሁት በኋላ የሆነውን ነው። በምላጩ የሚሠራውን ሲጨርስ እንደ ወትሮው ወደ ጨርቁ ሊወረውረው ነበር፤ እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ሳህኗን ከፊቱ ሳብ አደረገና ምላጩን ውስጧ አስተኛው። እጀታውን ወደ እሷ አዞረላት። ከዚያ ሳህኗን በሁለት እጁ አንስቶ መቆሚያዋ ድረስ ከፍ አድርጎ ሰጣት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

እንባዬ ወደ ጆሮዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ማደንዘዣ የሰጠኝ ሰውዬ ደንግጦ ጎንበስ አለና «ያምዎታል?» አለኝ።

«አያመኝም» አልኩት። ሚስቴ በጥጥ ጆሮዬን ጠረገችልኝ። የእሷም ዓይን ደህና አልነበረም።

ሐኪሙ ስፌቱን ጨርሶ ሲወጣ ከራስጌዬ ቆም አለ። «ከእንግዲህ ወንበርህ ላይ የማወራው ስለ ዝናብ ብቻ ነው» አለኝ። ድምፁ መብራቱን አንቀጠቀጠው። ለሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ፈረቃው ግን አልተከፋፈለም፤ ትንሿ ሲስተርም ካርድ ክፍል አልገባችም። ዛሬ እዚያ ክፍል ውስጥ የየትኛውም አገር ሰው ስለታም ነገር የሚያቀብለው በሳህኗ ነው። ለምን እንደሆነ የማያውቁት አዲስ ገቢዎች ሆስፒታሉ ከተከፈተ ጀምሮ የነበረ ሕግ ይመስላቸዋል።

እኔ ቤት ተኝቼ ሳገግም አማቴ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን ሊልጡልኝ ፈለጉና «ቢላዋውን አቀብለኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ቢላዋው ትራሴ አጠገብ ነበር። አነሳሁትና ከፊታቸው ያለችው ሳህን ላይ አስቀምጬ ሳህኗን ወደ መዳፋቸው ገፋሁላቸው።

አማቴ ሳህኗን አዩ፣ እኔን አዩ። «ከስንት ዓመት በኋላ ወደድከኝ ማለት ነው?» አሉኝ።

«ቆይ» አልኳቸው።